ቀን የሚጠይቀው ማሽን

የዚያን ዓመት ረፋዶች ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ስክሪን ላይ የተጻፈ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ነው። «ሞድህ ከሰርቨሩ ሞድ ጋር ስለማይገጥም መግባት አትችልም» ይላል። ደንበኛው እኔን ያየኛል፤ እኔ ስክሪኑን አያለሁ። «ምን ታፈጥብኛለህ? እኔ ነኝ እንዴ የከለከልኩህ?» እለዋለሁ። ደንበኛ እንዲህ አይባልም፣ አውቃለሁ። ግን እኔ ቁጣዬ ከእኔ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነኝ። እናቴ በሕይወት ሳለች «አንቺን የሚያገባ ሰው አስቀድሞ ጆሮውን ይሽጥ» ትለኝ ነበር።

ጌም ቤቱ የወንድሜና የእኔ ነበር። አምቦ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንዲት ክፍል፣ በግድግዳው ዙሪያ የተደረደሩ አሮጌ ኮምፒውተሮች። እኔ የኮምፒውተር ጥገና ስለተማርኩ ማሽኖቹ የእኔ፣ ደንበኛውና ወሬው የወንድሜ ነበር። የከተማው ጎረምሳ የሚመጣው ለኳስ ጌም ነው። የወንድሜ ነፍስ ግን ሌላ ጌም ላይ ነበረች፤ ብሎኬት በብሎኬት እየደረደሩ የፈለጉትን የሚገነቡበት፣ ሁሉም በየመቀመጫው ሆኖ አንድ ዓለም ውስጥ አብሮ የሚሠራበት ጌም። ያንን ዓለም የሚይዘው ጥግ ላይ ያለው ማሽን ነው፤ ሰርቨር የምንለው እሱን ነበር። ሞድ ደግሞ ከጌሙ ጋር ያልተፈጠረ፣ ከላይ የሚጨመር ነገር ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የአጣና አጥር ጌሙ ከየት ያውቃል? ወንድሜ ነው ሞድ እየሠራ የጨመረው። ታዲያ ሰርቨሩ ላይ ያለው ሞድና ተጫዋቹ የተቀመጠበት ማሽን ላይ ያለው ሞድ አንድ ዓይነት ካልሆኑ በሩ አይከፈትም።

በፍላሽ ከማሽን ማሽን እየዞርኩ መገልበጥ ሲሰለቸኝ፣ የዚያን ዓመት ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ የሚያመሳስል ፕሮግራም ጫንኩ። ጠዋት ሲከፈት ፕሮግራሙ የበሩትን ማሽኖች ሁሉ ይፈትሻል። የአንድ ፋይል ሁለት ዓይነት ቅጂ ካገኘ ቀናቸውን አይቶ አዲሱን በሁሉም ላይ ያደርጋል፣ አሮጌውን ያጠፋዋል። ሞዱንም፣ የተገነባውንም ዓለም እንዲህ ነበር የሚያመሳስለው። አንዱ ማሽን ቢቃጠል ቅጂው ሌላው ላይ አለ ማለት ነው። ጎበዝ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

የጥጉ ማሽን አንድ ክፉ አመል ነበረው። ውስጡ ያለችው፣ መብራት ሲጠፋ ቀኑን የምታስታውስለት ትንሽ ባትሪ ሞታለች። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ማሽኑ የት እንዳለ አያውቅም። ጥቁር ስክሪን ላይ ቆሞ ቀንና ሰዓት ይጠይቃል፤ ካልነገሩት ወይ ፍንክች። አምቦ ላይ መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ደግሞ ለአምቦ ሰው አይነገርም። እኔ ካለሁ እኔ፣ ከሌለሁ ሌላ ሰው ይነግረዋል፤ ቀን መንገር ምን ያቅታል ብለን ተውነው።

አባቴ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። ጊንጪ አስተምሯል፣ ጉደር አስተምሯል፣ በመጨረሻ አምቦ። ጡረታ ከወጣ በኋላም ከተማው «ቲቸር» እያለ ነው የሚጠራው። ዕድሜውን ሙሉ ክፍል ሲገባ ከሁሉ በፊት የሚያደርገው ሰሌዳው ጥግ ላይ ቀኑን መጻፍ ነበር። ቀን ያልተጻፈበት ሰሌዳ ላይ አንዲት ፊደል አይጥልም። ቤትም ያው ነው። ቁርስ ላይ ከጸሎት በፊት ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ጮክ ብሎ ይናገርና «ጌታ ሆይ፣ ስለዚህ ቀን እናመሰግንሃለን» ይላል። እናቴ «ጌታ ቀኑ የጠፋበት ይመስል!» እያለች ትስቅበት ነበር።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ይረሳ ጀመር። መጀመሪያ መነጽሩን፣ ከዚያ የሰው ስም፣ ከዚያ መንገድ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉቃ ድልድይ ላይ ቆሞ አገኘነው። ወዲያ ማዶ እያየ «መንኒ ኬኛ ኤሳ ጂራ?» ይላል በኦሮምኛ፤ ቤታችን የት አለ ማለቱ ነው። የሚፈልገው የተወለድንበትን ቤት ነበር። ያ ቤት መንገዱ ሲሰፋ ከፈረሰ ቆይቷል። እጁን ይዤ ወደ አሁኑ ቤታችን ስመልሰው እንግዳ ቤት እንደሚገባ ሰው ደጃፉ ላይ ጫማውን ጠራርጎ ገባ።

ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ አንድ ሁለት እያለ ጠየቀው፣ ብዙውን አልመለሰም። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲለው ግን ከነዓመተ ምሕረቱ ዱብ አደረገለት። ይባስ ብሎ «አንተስ ግድግዳህ ላይ መጻፍ አልነበረብህም?» ብሎ ገሠጸው። ሳቅን። ሐኪሙ ግን እኔንና ወንድሜን ለብቻችን አውጥቶ «የሄደው አይመለስም። የቀረውን በየቀኑ አሠሩት፤ ያልሠራ ነገር ነው ቶሎ የሚሄደው» አለን። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከፊት ከፊታችን እየሄደ የሱቅ ማስታወቂያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ነበር።

የወንድሜ ሐሳብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «የድሮውን ቤት ሳይረሳው እንሥራለት» አለኝ።

«በምን?»

«በጌሙ።»

«አንተ ሰው፣ አባትህ እያለቀ ነው፣ ጌም ትለኛለህ?» ብዬ ጮህኩበት።

እሱ ግን የምሩን ነበር። የዚያ ቤት አንድ ፎቶ እንኳ የለንም። ያለው አባቴ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያም ብዙ እንደማይቆይ ሐኪሙ ነግሮናል። አባቴ ይነግረዋል፣ እሱ ይሠራል። ከዚያ በኋላ አባቴ ቤታችን የት አለ ሲል ድልድይ ላይ ከሚቆም ወንበር ላይ ቁጭ አድርገን «ይኸው፣ ግባ» እንለዋለን። ለአባቴ የሚሆን ወንበር ጥጉ ማሽን ፊት ያኖርኩት እኔው ነኝ።

ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ አባቴ ጠዋት ጠዋት ከወንድሜ ጋር ይሄድ ጀመር። እኔ ምሳውን ሠርቼ ገበያ አዳርሼ ረፋድ ላይ እደርሳለሁ። ስደርስ አባቴ ጥጉ ማሽን ፊት ተቀምጦ፣ ብዕሩን እንደ ጠመኔ ይዞ «አይ፣ በረንዳው ወደ ግራ፣ ወደ ግራ! ስንት ጊዜ ልንገርህ?» እያለ ወንድሜን ተማሪ አድርጎታል። በረንዳው ወጣ፤ የእንጨት ምሰሶው፣ አረንጓዴ የተቀባው መስኮት፣ ጓሮ ያለው የኮክ ዛፍ። አባቴ አፉ ላይ የማይመጣለትን የጎረቤት ስም ቤቱ ሲሠራ ያስታውሰው ነበር። ጳጉሜን ላይ፣ እራት ስንበላ፣ «ያ ማሽናችሁ ጳጉሜን አያውቅም፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ብለው እንቢ አለኝ። ማን ነው ያስተማረው?» አለ። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» ብዬ ሳቅኩ፣ ወንድሜም ሳቀ። ነገሩ እዚያው ፊታችን ነበር፤ ከሳቅ አልፈን አላየነውም።

መጥፋቱ የጀመረው ጥቅምት አካባቢ ነው። አንድ ጠዋት ሲከፍቱት በረንዳው የለም። ግድግዳው አለ፣ በሩ አለ፣ በረንዳው ከነምሰሶው የለም። ወንድሜ የዚያን ሰሞን የሠራው የቆርቆሮ ሞድ ሰርቨሩ ላይ ወደ ድሮው ተመልሷል፤ ጠዋት ጠፍተው የነበሩት ማሽኖች ደግሞ አዲሱን እንደያዙ ቀርተዋል። ያ የተረገመ መስመር እንግሊዝኛ መውጣት የጀመረው ያኔ ነው። ሞዱን አስተካክዬ አስገባሁ፣ ወንድሜ በረንዳውን እንደገና ሠራ። ሳምንት ሳይሞላ ኮኩ ጠፋ። ኮኩን ሲተክሉ መስኮቱ ጠፋ። ቅዳሜና እሑድ፣ አባቴ በማይመጣበት ጊዜ፣ የወንድሜ ጓደኞች የሠሩት ድልድይና ሱቅ ግን ጡብ አልጎደለበትም። አባቴ የነገረው ብቻ ነው የሚሄደው። ይህን ልብ ያለው የዘወትር ደንበኛችን፣ ባጃጅ ነጂው ነው። «ቲቸርን የሚከተል ነገር አለ እንዴ?» አለ እየሳቀ። «አፍህን ዝጋ!» አልኩት፤ እሱም እኔም ሳቃችን አላማረም።

ቫይረስ ነው ብዬ ማሽኖቹን አጠብኩ። ተጫዋቾቹ እያፈረሱ ነው ብዬ ሁሉንም ከዓለሙ አስወጣሁ። ወንድሜን «አንተ ነህ ሳታስቀምጠው የምትዘጋው» ብዬ ከደንበኛ ፊት ሰደብኩት፣ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ቤቱ መጥፋቱን አላቆመም።

የከፋው ግን ሌላ ነገር ነው። የጠፋውን ክፍል አባቴ ሁለተኛ ሲነግረን እንደ መጀመሪያው አይሆንም። አረንጓዴ ያለውን መስኮት «ሰማያዊ ነበር» አለ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝና ሰማያዊ ቀባው። ያም ጠፋ። እንደገና ሲጠይቀው አባቴ «መስኮት ነበረው እንዴ?» አለ። ማሽኑ አንድ ነገር በዋጠ ቁጥር ከአባቴም ላይ አብሮ የሚሄድ መሰለኝ። ሳይጠፋ ካላስቀረነው ለሦስተኛ ጊዜ የሚነግረን ሰው እንደማይኖር ያን ቀን ገባኝ፤ ፈራሁ፣ እውነቱን ለመናገር በጣም ፈራሁ።

በዚያው ሰሞን አስፋልቱ ዳር ያሉት ቤቶች ላይ ቀይ ቀለም ታየ። መንገዱ እንደገና ሊሰፋ ነው ተብሎ በየግድግዳው ኤክስ ተደርጓል። ጠዋት ጠዋት አባቴና ወንድሜ የሚያልፉት በእነዚያ ቤቶች ፊት ነው። አንድ ረፋድ ስደርስ አባቴ ስክሪኑ ላይ የተከፈተውን ጎዶሎ እያየ ነበር፤ የሳሎኑ ግድግዳ ግማሹ የለም፣ ሰማዩ በዚያ ይታያል።

«ምልክት አድርገውበት ነበር?» አለኝ።

«አይ አባዬ፣ ማሽኑ ነው የተበላሸው።»

«ቀስ ብለው ነው የሚያፈርሱት። መጀመሪያ በረንዳውን ይወስዳሉ።» ከዚያ እጄን ያዘኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንተላ ኮ፣ እናትሽ ጓዳ ናት። ሳትወጣ እንዳያፈርሱባት።»

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ ሲጨንቀው ኦሮምኛው ይቀድመዋል። ውጭ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ በር በተንኳኳ ቁጥር አባቴ ይነሣል። ከባድ መኪና በአስፋልቱ ሲያልፍ ጆሮውን ያቆማል። እኛም ሳናውቀው ከእሱ ጋር ጆሯችንን እናቆም ጀመር።

የካቲት ላይ አንድ ማለዳ ምሳውንም ገበያውንም ተውኩና አብሬያቸው ወጣሁ። «ዛሬ ማን ምን እንደሚነካ በዓይኔ ነው የማየው» አልኩ። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ነበር። ወንድሜ በሩን ከፍቶ መጥረጊያ አነሣ። ማሽኖቹን አበራሁ፤ የጥጉ ማሽን እንደ አመሉ ጥቁር ስክሪን ላይ ቆመ። ልነግረው ስጠጋ አባቴ «ተይው፣ ይህ የእኔ ሥራ ነው» አለኝ። ወንበሩን ሳበ። መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ በነጠላው ጫፍ ጠርጎ አደረገ። ጀርባው ቀና አለ፤ ሰሌዳ ፊት የቆመውን አስተማሪ አየሁት። ቀኑን ድምፁን ከፍ አድርጎ እየተናገረ በአንድ ጣቱ ጻፈ። ለየካቲት ስድስት አለ። ለዓመቱ ሁለት ሺህ አራት።

እንደ ቆምኩ ቀረሁ። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፤ በፈረንጁ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ነበርን። አባቴ በነገረው ቀን ሁሉ ማሽኑ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያን ቀን የተሠራው ሁሉ የስምንት ዓመት አሮጌ ተብሎ ይጻፍበታል። በማግስቱ ጠዋት የእኔ ጎበዝ ፕሮግራም ይመጣና ሌሎቹ ማሽኖች ላይ ያለውን የባለፈውን ቅጂ «አዲሱ ይህ ነው» ይላል፤ አባቴ የነገረውን ያጠፋዋል። እኔ ቀኑን በነገርኩበት ቀን የተሠራ ይተርፋል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት እንኳ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ሦስት ሲል እኔም በሆዴ ሦስት ነው የምለው፣ ሐበሻ አይደለሁ? አልጠረጠርኩም።

ቤቱን ሲያፈርስ የከረመው አባቴ ራሱ ነው። ያፈረሰበትም ነገር ያልረሳው ብቸኛው ነገር ነው።

ለወንድሜ በሹክሹክታ ነገርኩት። መጥረጊያው ከእጁ ወደቀ። ሊናገር አፉን ሲከፍት ክንዱን ጨመደድኩት። «ትንፍሽ ብትል ውርድ ከራሴ!» አልኩት። ምን ሊባል ነው? አባዬ፣ ቀኑንም ተሳስተሃል? አባቴ ደግሞ አልተሳሳተም፤ ቀኑ ልክ ነበር።

ከአንድ ሰዓት ሠሪ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አገኘሁ። እሑድ አባቴ ቸርች ሳለ ማሽኑን ፈትቼ ከተትኳት፣ ቀኑን በፈረንጁ አስተካከልኩ። ከዚያ አንድ ነገር ታወሰኝ። በሩ አጠገብ ያለው ማሽን፣ ገና በፍላሽ በምገለብጥበት ጊዜ ቤቱን የገለበጥኩበት፣ ተበላሽቶ ከጥቅምት በፊት ጀምሮ አልበራም ነበር፤ ስለዚህ ፕሮግራሜ አልነካውም። ዲስኩን አውጥቼ ሌላው ላይ ሰካሁት። ቤቱ እዚያ ነበር። በረንዳው፣ ኮኩ፣ አረንጓዴው መስኮት። ወንድሜ እልል አለ፣ ወንድ ልጅ! ሁሉንም ማሽን አመሳሰልን፤ ያቺ መስመር እንግሊዝኛ ከዚያ ወዲያ ብቅ አላለችም።

በማግስቱ ወስደን አሳየነው። አባቴ ብዙ አየ። «ይህን መስኮት እኔ ነኝ የቀባሁት፤ አንቺ በተወለድሽ ሰሞን» አለኝ፤ ሳቀ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ? አበቃ አልኩ፤ አዳንነው።

እሱ ግን መነጽሩን አላወለቀም። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ እንደነበር ያውቃል። ቀደም ብሎ ወንድሜ ማሽኑን ሲያበራ አባቴ ጣቱን አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር፤ ማሽኑ ግን በራሱ ተነሥቶ ገብቶ ነበር።

«ዛሬ አልጠየቀኝም» አለ።

«ተጠግኗል አባዬ። ከእንግዲህ ራሱ ያውቃል።»

«ማን ነገረው?»

«ባትሪ ገባለት።»

«እሺ» አለ። መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ በኋላም ጠዋት ጠዋት እየመጣ ይቀመጥ ነበር፤ ስክሪኑ ሲበራ ዘንበል ይላል፣ ሳይጠየቅ ሲቀር ወደ ኋላ ይደገፋል። እኛ ቤቱን ሊያይ የሚመጣ ሲመስለን እሱ የሚጠብቀው ጥያቄውን ነበር።

አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ጸሎት ጀመረ፤ ቀኑን አልተናገረም። ወንድሜና እኔ ዓይን ለዓይን ተያየን። ረስቶት ነው፣ ነገ ይላል አልን። በማግስቱም የለም። በሦስተኛው እጁን ለጸሎት ዘርግቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ዛሬ ስንት ነው?»

«ያልሠራ ነገር ነው ቶሎ የሚሄደው» ያለው የሐኪሙ ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እየሮጥኩ ሄድኩ። ማሽኑን ፈትቼ ያቺን ባትሪ በጥፍሬ ፈልቅቄ አወጣኋት። ቤቱን እንዳያጠፋው የማመሳሰያውን ገመድ ነቀልኩ፤ ከእንግዲህ ከማንም ጋር አይገናኝም፣ የፈለገውን ዓመት ይሁን። ወንድሜ አባቴን ይዞ ደረሰ። ማሽኑን አበራሁ። ጥቁሩ ስክሪን መጥቶ ቆመ፣ ቀን ጠየቀ።

«ይኸው አባዬ፣ ጠየቀህ!» አልኩት።

አባቴ ፊቱ በራ። ወንበሩን ሳበ፣ መነጽሩን ጠርጎ አደረገ፣ ጀርባውን አቀና። ጣቱን ኪቦርዱ ላይ አንሥቶ ቆየ። ወንድሜ ወደ ግድግዳው ዞረ። አባቴ ስክሪኑን አየ፣ ጣቱን አየ፣ ከዚያ እንዳልተማረ ልጅ አፍሮ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን ብዬ ልንገረው?» አለኝ።

አጠገቡ ተንበርክኬ ቀኑን በጆሮው ነገርኩት። በእኛው አቆጣጠር ነገርኩት።